ስም ያልነበረው ንብብር

የምሥራቅ ጎጃሟ ደብረ ወርቅ የተቆረቆረችው ጥቁር ድንጋይ ላይ ነው። የቤት መሠረት የሚጣልበት፣ አጥር የሚካብበት፣ ገበሬው ከማሳው እየለቀመ ዳር ላይ የሚቆልለው ድንጋይ ሁሉ ያው ከባዱና ጠጣሩ ጥቁር ድንጋይ ነው። ጂኦሎጂስቶች ባዛልት ይሉታል፤ ከምድር ውስጥ ገንፍሎ የቀዘቀዘ የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ ነው። በስተምዕራብ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የሚታየው የጮቄ ተራራም የእሳተ ገሞራ ልጅ ነው። በአካባቢዋ በእናርጅ እናውጋ ደጋ ላይ ተወልዶ ያደገ ሰው አገሩ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ድንጋይ ይመስለው ይሆናል፤ ቢመስለውም አይፈረድበትም።

ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ግን ጥቁሩ ድንጋይ ያልቃል። ይህ ከሁሉ ይበልጥ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ከደብረ ወርቅ በስተደቡብ፣ ደጀንንና ጎሃ ጽዮንን በሚያገናኘው መንገድ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የተጓዘ ሁሉ ያውቀዋል። መኪናው ከደጀን አፋፍ ተነሥቶ እየተጠማዘዘ ሲወርድ ብርዱ ወደ ሙቀት፣ ባሕር ዛፉ ወደ ቆላ ቁጥቋጦ ይለወጣል። መንገደኛው አብዛኛውን ጊዜ ልብ የማይለው ግን የድንጋዩን መለወጥ ነው። ከባዛልቱ ሥር የአሸዋ ድንጋይ አለ። ከእሱ ሥር ቀላ ያለ የጭቃ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ደረጃ በደረጃ የተደረደረ ገደላማ የኖራ ድንጋይ ይመጣል። ከኖራው በታች ነጭ ጀሶ ከግራጫና ከአረንጓዴማ የጭቃ ድንጋይ ጋር እየተፈራረቀ ይታያል። መጨረሻ፣ ወንዙ አጠገብ፣ እንደገና ቀይ የአሸዋ ድንጋይ አለ። ከአፋፉ እስከ ድልድዩ ያለው ቁልቁለት ወደ 1500 ሜትር ይጠጋል።

የኖራውን ድንጋይ ጠጋ ብሎ ላየው ሌላ ጉድ ይጠብቀዋል፤ በውስጡ ዛጎልና ኮራል አለ። ከቀይ ባሕርም ከሕንድ ውቅያኖስም በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር በራቀ ደጋ መካከል የባሕር እንስሳት ቅሪት ተቀብሯል። ባሕሩ መቼ መጣ? በየት በኩል ገባ? ስንት ጊዜስ ተመላለሰ? ለዚህ መልስ ለማግኘት ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል። መልሱ የተገኘውም ብዙዎች ችላ ብለው ካለፉት ከዚያ የጀሶ ንብብር ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው በጦርነት መካከል ነው። የእንግሊዝ ጦር በዐፄ ቴዎድሮስ ዘንድ የታሰሩትን ለማስፈታት እ.ኤ.አ. በ1867 መጨረሻ ዙላ ላይ ሲያርፍ አብሮት ዊልያም ብላንፎርድ የሚባል ጂኦሎጂስት መጣ። ሰውየው የሕንድ ጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ባልደረባ ነበር። ሠራዊቱ ወደ መቅደላ ሲገሰግስ እሱ በየመንገዱ የድንጋዩን ዓይነትና አቀማመጥ ይመዘግብ ነበር። አዲግራት አካባቢ ያየውን የአሸዋ ድንጋይ በአዲግራት፣ እንደርታ ውስጥ ያየውን የኖራ ድንጋይ በአንታሎ፣ የእሳተ ገሞራውን ድንጋይ ደግሞ በአሸንጌና በመቅደላ ስም ጠራቸው። ያየውን የጻፈበት መጽሐፍ በ1870 ታተመ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጥቂት ወራት በፈጀ ዘመቻ የወጡ እነዚህ ስሞች እስከ ዛሬ ድረስ በየካርታውና በየመማሪያ መጽሐፉ ይገኛሉ። በጦር ካምፕ ውስጥ ሆኖ ይህን ያህል በትክክል ማየት የሚደነቅ ነው፤ ብላንፎርድ ክብር ይገባዋል። ይሁን እንጂ ዓባይን አላየም፤ ጎጃምንም አልረገጠም።

ከእሱ በኋላ አልፎንስ ኦብሪ የተባለ ፈረንሳዊ የማዕድን መሐንዲስ በ1880ዎቹ ሸዋን ተዘዋውሮ ቅሪተ አካል ለቀመ። የለቀመውን ፓሪስ ውስጥ የመረመረው ዱቪሌ በ1886 ባሳተመው ጽሑፍ ዕድሜው የጁራሲክ ዘመን መሆኑን አሳየ። ጁራሲክ ከ201 እስከ 145 ሚሊዮን ዓመት በፊት ያለው ጊዜ ነው። ያን ጊዜ የዓባይና የገባሮቹ ሸለቆ የኖራ ድንጋይ ትግራይ ካለው ከአንታሎው ጋር የአንድ ባሕር ዝቃጭ መሆኑ ታወቀ። ስሙም አብሮ ተሻገረ። እንጦጦንም ጮቄንም ሳያይ የወጣው «አንታሎ» የሚለው ስም የሸዋንና የጎጃምን የኖራ ድንጋይ መጠሪያ ሆነ፤ ከሥሩ ያለው ቀይ የአሸዋ ድንጋይም «አዲግራት» ተባለ።

እዚህ ላይ ችግር ተፈጠረ። መቀሌ አካባቢ የአንታሎ ኖራ የተቀመጠው በቀጥታ በአዲግራት የአሸዋ ድንጋይ ላይ ነው። ዓባይ ሸለቆ ውስጥ ግን በሁለቱ መካከል ሌላ ነገር ገብቷል። ኖራም አሸዋም ያልሆነ፣ ወደ 450 ሜትር የሚጠጋ ውፍረት ያለው የጀሶ፣ የዶሎማይትና የጭቃ ድንጋይ ክምር ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ከጻፉት አንዳንዶቹ በጅምላ «የዓባይ ንብብሮች» ብለው አለፉት። ሌሎች ከላይ ካለው ኖራ ጋር ደመሩት፤ ከታች ካለው አሸዋ ጋር የቀላቀሉትም ነበሩ። ፖል ሞር በ1962 «የኢትዮጵያ ጂኦሎጂ» የሚለውን መጽሐፉን አዲስ አበባ ላይ ሲያሳትም፣ የአሜሪካ መንግሥት የመሬት ልማት ቢሮ የዓባይን ተፋሰስ አጥንቶ በ1964 ሪፖርቱን ሲያስረክብ፣ ይህ ክምር ቦታው ቢታወቅም በወጉ ተለክቶና ተገልጾ የራሱ ስም አልወጣለትም ነበር።

ይህን ያህል የተዘገየው ለምንድን ነው? አንዱ ምክንያት የድንጋዩ ጠባይ ይመስለኛል። ኖራ ገደል ይሠራል፤ ከሩቅ ይታያል። ጀሶና የጭቃ ድንጋይ ግን ለስላሳ ናቸው። በዝናብ ይሸረሸራሉ፣ ይንሸራተታሉ፣ ከላይ በወረደ ናዳ ይሸፈናሉ። ዳገቱ ላይ የሚታየው አፈርና ቁጥቋጦ ብቻ ይሆናል። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ የስሞቹ ጉልበት ነው። ሁለት የታወቁ ስሞች በእጅህ ከያዝህ ያየኸውን ሁሉ ከሁለቱ በአንዱ ውስጥ ለማስገባት ትፈተናለህ።

ይህን ፈተና ያለፉት ጌታነህ አሰፋ ናቸው። እኚህ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የደለል ድንጋይ ተመራማሪ በጎሃ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለውን ቁልቁለት ንብብር በንብብር አጠኑት። ይህ ሥራ ምን እንደሚጠይቅ ማወቅ ያስፈልጋል። አጥኚው ከታች ይጀምራል። እያንዳንዱን ንብብር በሜትር ይለካል። ያዘነበለበትን አቅጣጫ በኮምፓስ ያነብባል፤ በመዶሻ ሰብሮ ትኩሱን ገጽ ያያል። ከዚያ የቀጠነ አሲድ ጠብ ያደርግበታል። ኖራ ከሆነ ወዲያው ይፈላል። ዶሎማይት ከሆነ ግን ዝም ይላል፤ ፈጭተው ዱቄቱ ላይ ሲያንጠባጥቡበት ነው ቀስ ብሎ የሚፈላው። ጀሶ ጨርሶ አይፈላም፤ በጥፍር ሲፍቁት ይፋቃል። ከሩቅ አንድ ነጭ ድንጋይ የሚመስሉት ሦስቱ የሚለዩት እንዲህ ነው። መለየታቸው ደግሞ ተራ ነገር አይደለም፤ ሦስቱ የተፈጠሩት በተለያየ ዓይነት ውኃ ውስጥ ነውና።

ጀሶ የሚፈጠረው ጥልቅ ባሕር ውስጥ አይደለም። የባሕር ውኃ ጥልቀት ወደሌለው ዳርቻ ገብቶ መውጫ ሲያጣ፣ ፀሐይ ሲያተንነውና ጨዋማነቱ ሲበረታ ይረጋል። ዛሬ በፋርስ ባሕረ ሰላጤ ዳር ባሉት ሞቃት ሜዳዎች ላይ እንዲህ ያለ ጀሶና ዶሎማይት ሲፈጠር ይታያል። እንግዲህ ያ በሁለቱ ስሞች መካከል የወደቀው ክምር የራሱ ታሪክ ነበረው። ወንዞች ቀዩን አሸዋ ካነጠፉ በኋላ ባሕሩ በአንድ ጊዜ አላጥለቀለቀም። መጀመሪያ ጫፉን ብቻ አስገባ። ረጅም ዘመን ገባ ወጣ ሲል፣ ሲደርቅና ሲረጥብ ኖሮ ነው የኋላ ኋላ የኖራውን ድንጋይ ያስቀመጠው ጠለቅ ያለ ባሕር የመጣው።

ጌታነህ ይህን አካል በ1981 ባሳተሙት ጽሑፍ «የጎሃ ጽዮን ፎርሜሽን» አሉት። ጂኦሎጂስቶች ፎርሜሽን የሚሉት በዓይን ከጎረቤቱ የሚለይ፣ ታችና ላይኛ ወሰን ያለው፣ በካርታ ላይ ሊሰመር የሚችል የዓለት አካል ነው። ስም የሚወጣለትም በግምት አይደለም። ማንም ሄዶ ሊያየውና ሊቃወመው የሚችል የማጣቀሻ ቦታ ተጠቅሶ፣ ውፍረቱ ተለክቶ፣ ወሰኑ ተገልጾ ነው። ስሙ የሸዋውን አፋፍ ከተማ ቢይዝም ድንጋዩ ከወንዙ ማዶ ለማዶ አንድ ነው፤ የደጀኑም ቁልቁለት ያው ነው። ዓባይ አንድ የነበረውን ለሁለት ቆረጠው እንጂ ሁለት አገር አልሠራም።

ከዚህ በኋላ ያለው የማዛመድ ሥራ ነው፤ ለእኔ የታሪኩ ጣፋጭ ክፍል ይህ ነው። በአንድ ቦታ የተለካ ንብብር ብቻውን ብዙ አይናገርም። ሌላው ቦታ ካለው አቻው ጋር ሲገናኝ ግን የአህጉር ታሪክ ይወጣዋል። ጎሃ ጽዮን ላይ ያለው ጀሶ መቀሌ ከሌለ በዚያው ዘመን መቀሌ ላይ ምን ነበር? ኋላ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ ኦጋዴን የተመለከቱት መልሱን አገኙት። ነዳጅ ፈላጊዎች በቆፈሯቸው ጉድጓዶች ውስጥ ሃማንሌይ የሚባለው ወፍራም የኖራና የጀሶ ዓይነት ክምር በአዲግራት የአሸዋ ድንጋይ ላይ ተኝቶ ተገኘ። የጎሃ ጽዮኑ ክምር የዚያ የኦጋዴኑ ባሕር ጫፍ ነበር። ባሕሩ የመጣው ከደቡብ ምሥራቅ ነው፤ መጀመሪያ ኦጋዴንን ያዘ፣ ቀጥሎ የዛሬውን የዓባይ ሸለቆ ነካ፣ ትግራይ የደረሰው በመጨረሻ ነው።

ይህ ከሆነ ደግሞ አንድ ትልቅ ነገር ይከተላል። ዓባይ ሸለቆ ላይ ጀሶው ሲረጋ ትግራይ ላይ ገና ወንዞች አሸዋ እያነጠፉ ነበር። «አዲግራት» የሚል አንድ ስም የያዘው የአሸዋ ድንጋይ በሁሉም ቦታ እኩያ አይደለም ማለት ነው፤ የሰሜኑ የላይኛው ክፍል ለጎሃ ጽዮኑ ጀሶ የዕድሜ እኩያ ነው። ድንጋይ ከድንጋይ ስለተመሳሰለ ዕድሜው አንድ አይሆንም፤ መልኩ ስለተለያየም ዘመኑ አይለያይም። ብላንፎርድ በአንድ መስመር ሲጓዝ ይህን ሊያውቅ አይችልም ነበር። ሊታወቅ የቻለው አንድ ሰው ያልገጠመውን ንብብር በግድ ከማስገጠም ይልቅ ቆሞ ስለለካው ነው።

ማዛመዱ ኢትዮጵያ ድንበር ላይ አያበቃም። የመን ውስጥ ኮህላን የሚባለው የአሸዋ ድንጋይ የአዲግራት አቻ ነው፤ አምራን የሚባለው የኖራ ድንጋይ ደግሞ የአንታሎ። በጁራሲክ ዘመን ቀይ ባሕር አልነበረምና የመንና ትግራይ አንድ ምድር ነበሩ። የዓባይን ዛጎሎች የሚመስሉ ዛጎሎች ሰንዓ አቅራቢያ ቢገኙ ሊደንቀን አይገባም።

ጌታነህ ወደ ላይኛውም ንብብር ወጡ። በ1991 ባሳተሙት ሥራ ከኖራው በላይ ላለው ለቀላው የጭቃ ድንጋይ የሙገርን፣ ከእሱ በላይ ላለው የአሸዋ ድንጋይ የደብረ ሊባኖስን ስም ሰጡ። እዚህም ላይ ከትግራይ ጋር ልዩነት ታየ። መቀሌ አካባቢ ከአንታሎ በላይ ያለው አጉላዕ የሚባለው ድንጋይ ከባሕር ዳርቻ ሐይቅ የወጣ ነው። የሙገሩ ግን የወንዝና የጎርፍ ሜዳ ዝቃጭ ነው፤ ባሕሩ ከሸዋና ከጎጃም እየሸሸ መሄዱን ያሳያል።

በዚያ የጎርፍ ሜዳ ላይ ሕይወት ነበር። አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በሙገር የጭቃ ድንጋይ ውስጥ የዳይኖሰር ጥርሶችን፣ የዓሣና የሌሎች አከርካሪ ያላቸው እንስሳት ቅሪቶችን አግኝተው በ1999 አሳወቁ። ዕድሜውንም ከዚያው ድንጋይ ባወጡት የጥንት ዕፅዋት ብናኝ ለይተው የጁራሲክ መጨረሻ መሆኑን አስረዱ። በ2007 ደግሞ ከዚያው የተገኘ የአጥቢ እንስሳ ጥርስ ይፋ ሆነ። ኢትዮጵያ በሉሲና በአርዲ ትታወቃለች፤ ተገቢም ነው። ይህ ጥርስ ግን ከሉሲ ከ140 ሚሊዮን ዓመት በላይ ይቀድማል፤ የተገኘውም ከዓባይ ገባሮች ሸለቆ ነው። ስለ እሱ የሚያውቀው ሰው ቁጥር ማነሱ ያሳዝነኛል።

ከላይኛው የአሸዋ ድንጋይ በኋላ ታሪኩ ይቋረጣል። ደብረ ወርቅ የቆመችበት ዓይነት ባዛልት ገንፍሎ የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ይህን የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች፣ ከእነሱም መካከል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ገዛኸኝ ይርጉ፣ ሊማሊሞን ከመሳሰሉ ገደሎች በተወሰደ ናሙና መርምረው በ1997 አሳይተዋል። አብዛኛው ፍሳሽ የተከመረው አንድ ሚሊዮን ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ነው። ጮቄ ከዚያ በኋላ፣ ከ22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የተነሣ ነው። በአሸዋ ድንጋዩና በባዛልቱ መካከል ከ70 ሚሊዮን ዓመት ያላነሰ ጊዜ ጠፍቷል። አንድ ሰው የዘር ሐረጉን ሲቆጥር ከአባቱ ቀጥሎ የሩቅ ቅድመ አያቱን እንደ መጥራት ነው፤ በመካከል ያሉት ኖረው አልፈዋል፣ ስማቸው ግን የለም። በዚያ ሁሉ ዘመን ምድሩ ከባሕር በላይ ስለነበር የተቀመጠው ዝቃጭ ጥቂት ነው፤ የነበረውም ታጥቦ ሄዷል።

ክርክሩ አላለቀም። በ2009 ናሂድ ጋኒና ባልደረቦቿ የዓባይን ተፋሰስ እንደገና ሲያጠኑ ወደ 1400 ሜትር የሚደርሰውን የደለል ክምር «የታችኛው የአሸዋ ድንጋይ»፣ «የታችኛው ኖራ»፣ «የላይኛው ኖራ»፣ «የላይኛው የአሸዋ ድንጋይ» በሚሉ ገላጭ ስሞች ከፈሉት። የጎሃ ጽዮኑ ክምር በእነሱ አከፋፈል የታችኛው ኖራና ከላዩ ያለው ጀሶ ሆኖ ይታያል። እንዲህ ያለው አከፋፈል ከሩቅ የመጣ ስም ከማሸከም ይልቅ ድንጋዩ በራሱ እንዲናገር ያደርጋል። እኔ ግን የጎሃ ጽዮን ስም ቢጸና እመርጣለሁ። የማጣቀሻ ቦታው ይታወቃል፣ መንገድ ዳር ነው፤ ማንም ወርዶ ሊፈትነው ይችላል።

ይህ ሁሉ ከዩኒቨርሲቲ ግቢ የማይወጣ ጉዳይ የሚመስለው ካለ የደጀንን መንገድ ያስብ። አስፋልቱ የሚሰነጠቅባቸው፣ የሚሰምጥባቸውና ተጠግኖ እንደገና የሚወላገድባቸው ቦታዎች የሚበዙት ለስላሳው የጭቃ ድንጋይና ጀሶው ባሉበት፣ ከላይ የወረደው ናዳም በተከመረበት ነው። ጀሶ በውኃ ይሟሟል፤ የጭቃ ድንጋይ ሲረጥብ ይንሸራተታል። የክረምት ውኃ በኖራው ስንጥቅ ሰርጎ እዚያ ሲደርስ ዳገቱ ይንቀሳቀሳል። የጉድጓድ ውኃም ጀሶ ውስጥ ካለፈ ጣዕሙ ይለወጣል። ሲሚንቶ የሚሠራው ከዚሁ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ጀሶም ይጨመርበታል። በኦጋዴን ካሉብ ላይ በ1970ዎቹ የተገኘው የተፈጥሮ ጋዝ የተጠራቀመውም በአዲግራት የአሸዋ ድንጋይና ከእሱ በታች ባለው ውስጥ ነው። የትኛው ንብብር የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ ማወቅ ለመንገድም፣ ለውኃም፣ ለፋብሪካም የመጀመሪያው ጥያቄ ነው።

ወደ ደብረ ወርቅ ልመለስ። የደጀኑን ቁልቁለት ብዙዎች ወርደው ለክተውታል፤ መንገድ አለና። ከቢቸና በላይ ወደ ሞጣ አቅጣጫ ያለው የምሥራቅ ጎጃም አፋፍ ግን በእግርና በበቅሎ የሚወረድ ብዙ ቁልቁለት አለው። ጀሶው እዚያም ያንኑ ያህል ይወፍራል ወይስ ይሳሳል? ባሕሩ ወደ ሰሜን ሲሄድ ጫፉ የት ላይ ነው ያለቀው? ትግራይ ላይ እንደሌለና ዓባይ ድልድይ ላይ 450 ሜትር እንደሚደርስ ካወቅን፣ በመካከል የሆነ ቦታ ላይ መሳሳቱና መጥፋቱ ግድ ነው። ይህ ከደጀን የሚቀዳ መልስ የለውም፤ እያንዳንዱ ቁልቁለት ለብቻው ይለካል።

ስለዚህ ለደብረ ወርቅና ለአካባቢው መምህራን አንድ ልመና አለኝ። ተማሪዎቻችሁን ወደ አፋፉ ይዛችሁ ውጡ፤ ቆላ የሚወርዱትንም ልጆች ጠይቁ። ዛጎል ያለበት ድንጋይ ወይም ጥርስ የመሰለ ነገር ያገኘ ሰው ቢቻል ከቦታው አያንቀሳቅሰው። ካነሣውም የቦታውን ስም፣ ከየትኛው ድንጋይ መካከል እንዳገኘው፣ ከላዩና ከሥሩ ምን ዓይነት ድንጋይ እንዳለ በወረቀት ላይ ይጻፍና ጂኦሎጂ ለሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ያሳውቅ። ንብብሩ ያልታወቀ ቅሪተ አካል ለሳይንስ የሚሰጠው እጅግ ጥቂት ነው፤ ንብብሩ የተጻፈለት ግን የደብረ ወርቅን ቁልቁለት ከኦጋዴንና ከትግራይ ጋር ለማገናኘት ሊበቃ ይችላል።